«ሐሳብ ስኳሬን ይጨምረዋል ወይስ ሰበብ እየፈለግሁ ነው?»

ጥያቄ፦ «የ51 ዓመት ሴት ነኝ። ጎንደር፣ አዘዞ እኖራለሁ፤ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ በመሸጥ እተዳደራለሁ። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሁለት ዓይነት ክኒን እወስዳለሁ። የመጨረሻ ልጄ ለሥራ ወደ መተማ ከወረደ ወዲህ ስልኩ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሳምንት ይጠፋል፤ እንቅልፍ የለኝም። ማታ ምንም ሳልቀምስ ተኝቼ ጠዋት ስለካ 240 ይሆናል። ሌሊት አንዳንዴ እየተንቀጠቀጥሁ፣ ላብ እያጠመቀኝ እነቃለሁ፤ ሐሳብ ነው ብዬ እተወዋለሁ። ባለፈው ቀጠሮዬ ባለሙያው በሰው ፊት ቁጥሩን ጮክ ብሎ አንብቦ ‹ምክር አትሰሚም፤ በዚህ ከቀጠልሽ መርፌ ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ መለካትም ቀጠሮ መሄድም አስጠልቶኛል። ቤተሰቦቼ ደግሞ ‹ስኳሯ ይነሳባታል› እያሉ ወሬ ይደብቁኛል፤ ስገባ ዝም ይላሉ። ለመሆኑ ሐሳብ ስኳርን በእውነት ይጨምራል ወይስ ሰበብ እየፈለግሁ ነው?»
አንዲት እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ውድ እናታችን፤ የጠየቁን ስለ ሐሳብ ቢሆንም በደብዳቤዎ መካከል አለፍ አድርገው ከጠቀሱት ነገር ልጀምር፤ ለሌላ ቀን የሚቆይ አይደለምና። ሌሊት እየተንቀጠቀጡና በላብ ተጠምቀው መንቃትዎን ሐሳብ ነው ብለው መተው የለብዎትም። ጭንቀትና የስኳር መውረድ በአካል ላይ የሚያሳዩት ምልክት እጅግ ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ልብን በኃይል ያስመታሉ፣ እጅን ያንቀጠቅጣሉ፣ ያልባሉ፣ ያስፈራሉ። ይህም የሚሆነው ስኳር ሲወርድ ሰውነት የሚያመነጨው አድሬናሊን፣ ሰው ሲደነግጥ የሚያመነጨው ያው አድሬናሊን ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሁለቱን በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም፤ የሚለያቸው መለኪያው ነው።

ከሚወስዷቸው ሁለት ክኒኖች አንዱ ግሊቤንክላሚድ መሆኑን ማሸጊያውን አይተው ያረጋግጡ፤ ማንበብ ካስቸገረዎት ከልጆችዎ አንዱ ያንብብልዎ። ይህ መድኃኒት ሰው በላም አልበላም ቆሽት ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚያደርግ፣ ክኒኑን ውጦ እራት ሳይቀምሱ ማደር ሌሊት ስኳርን ሊያወርደው ይችላል። ሜትፎርሚን የተባለው ሌላው የስኳር ክኒን ግን ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ የማድረግ ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ትንሽም ብትሆን እራት ሳይበሉ አይተኙ፤ ስኳርና አንድ ብርጭቆ ውኃም መኝታዎ አጠገብ ያኑሩ። እየተንቀጠቀጡ ሲነቁ ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩና አሁንም ካልተነሳ ይድገሙት። ሲስተካከል ቁራሽ እንጀራ ወይም ዳቦ ይቅመሱበት። ለመለካት ካልቻሉ ደግሞ የወረደ እንደሆነ ቆጥረው ስኳሩን ይጠጡ፤ ስኳር ለአንድ ሌሊት ከፍ ቢል የሚያደርሰው ጉዳት ወርዶ ከሚያደርሰው ጋር አይወዳደርም። ቤተሰብዎም ይህን ይወቅ፦ ራስዎን ስተው ቢያገኝዎት በአፍዎ ምንም ነገር ሳያፈስ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሊወስድዎት ይገባል። ስኳርዎ ሌሊት ወርዶ ካገኙትም መድኃኒቱ መስተካከል ስላለበት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሚከታተልዎት ተቋም ያስታውቁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። አዎን፣ ሐሳብ ስኳርን ይጨምራል፤ ሰበብ ፈላጊም አይደሉም። ጉበታችን ከምግብ የተረፈውን ስኳር ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ ጎታ ነው። ሰው ሲሰጋ፣ ሲናደድ ወይም እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች ይህን ጎታ ያስከፍቱታል፤ ሰውነት አደጋ መጥቷል፣ ኃይል ያስፈልገኛል ብሎ ነው። የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው ቆሽቱ ወዲያው ኢንሱሊን ጨምሮ የተለቀቀውን ስኳር ሥራ ላይ ያውለዋል። የእርስዎ ቆሽት ግን ያን ያህል መጨመር አይችልም፤ በዚህ ላይ ኮርቲሶል ሕዋሳት ለኢንሱሊን የሚሰጡትን ምላሽ ስለሚያደክም ስኳሩ ከደም ሳይወጣ ይቆያል። «ምንም ሳልቀምስ ተኝቼ እንዴት 240 ይሆናል?» ለሚለው ግራ መጋባትዎ መልሱ በአብዛኛው ይህ ነው፤ ከአፍ ያልገባ ስኳር ከጉበት ይወጣል። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ በማንኛውም ሰው ሰውነት ውስጥ ስኳርን የሚያስነሱ ሆርሞኖች በተፈጥሮ ከፍ ስለሚሉ፣ ዓይኑ ሳይከደን ባደረ የስኳር ታማሚ ላይ ሁለቱ ተደርበው የጠዋቱን ቁጥር ይሰቅሉታል። ስለዚህ ጠዋት 240 ማየትዎ ማታ ተደብቀው እንደ በሉ የሚመሰክር ነገር አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚጠረጥርዎ ካለም ተሳስቷል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በሆርሞን ብቻ አያልቅም። በእኔ ግምት ሐሳብ ስኳርን ይበልጥ የሚያበላሸው ሰው ለራሱ የሚያደርገውን እንክብካቤ ቀስ በቀስ ስለሚነጥቀው ነው። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ያየሁት ይህን ነው፦ እራት ቀርቷል፣ መለካት ቀርቷል፣ ቀጠሮ ቀርቷል። ክኒን የረሱበትም ቀን ይኖራል ብዬ እገምታለሁ፤ ልቡ መተማ ላይ ያለ ሰው የጠዋትና የማታ ክኒኑን ባያስታውስ አይደንቅም። ከእነዚህ አንዱም የስንፍና ምልክት አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ከፍ ያለው ቁጥር ደግሞ ራሱ ያደክማል፣ ያነጫንጫል፣ ሌሊት ለሽንት እያስነሳ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ማጣቱም ተመልሶ ሐሳቡን ያባብሰዋል።

በከተማችን «ስኳር ከብስጭት ይመጣል» የሚለውን አባባል የማይሰማ የለም፤ ቤተሰብዎ ወሬ የሚደብቅዎትም ከዚህ ተነሥቶ ይመስለኛል። ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። በአዋቂነት የሚመጣው የስኳር በሽታ በዘር ዝንባሌ፣ በዕድሜ፣ በሰውነት ክብደትና ሰውነት ለኢንሱሊን በሚሰጠው ምላሽ መዳከም የሚመጣ እንጂ አንድ ሐዘን ወይም አንድ ጠብ የሚወልደው አይደለም፤ የእርስዎም ሕመም የጀመረው ልጅዎ መንገድ ሳይጀምር ገና ድሮ ነው። በሌላ በኩል ብስጭት ያለውን በሽታ እንደሚያባብስ ከላይ ተናግረናል። ታዲያ ከብስጭት ለመጠበቅ ተብሎ የሚደረገው ዝምታ የሚጠብቅ መሆኑን አጥብቄ እጠራጠራለሁ። እናት ቤት ስትገባ ወሬ ሲቋረጥ፣ ስልክ ሲጠራ ልጅ ደጅ ወጥቶ ሲያነሳ፣ ከመንገድ የመጣ ዘመድ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲፈራ የእናት ልብ ክፉ ክፉውን ያስባል፤ ያልተነገራትን ሁሉ በራሷ ትሞላዋለች። በዚህ ረገድ ታላቅ ልጅዎን ወይም የሚያምኑትን ዘመድ ለብቻ አስቀምጠው፣ «ያወቃችሁትን በዚያው ቀን ንገሩኝ፤ ያላወቃችሁትንም ‹አናውቅም› በሉኝ፤ የሚጎዳኝ መደበቃችሁ ነው» ብለው በግልጽ ይንገሯቸው። ስልክ የሚሠራበትና የማይሠራበት ቀን በእጃችን ባይሆንም፣ በመተማ ያለውን ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ማን እንደሚጠይቅና በስንት ቀን አንዴ እንደሚጠይቅ በቤተሰብ መወሰን ይቻላል። ሌላው ሁሉ ቀን በቀን ሲደውሉ ከመዋልና ስልኩ እንቢ ባለ ቁጥር ከመደንገጥ ያድናል።

ከስኳር በሽታ ጋር የመኖር ጭንቀት በሕክምናው ዓለም ራሱን ችሎ የሚጠና ጉዳይ መሆኑን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ይህን ጭንቀት የሚለካ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ ከሆነ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች፣ ጭንቀቱ የበረታባቸው ታማሚዎች የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ጭንቀቱ ከአራት አቅጣጫ ይመጣል ይባላል፦ ከሕመሙ ክብደት፣ በየቀኑ ከሚጠይቀው ሥራ፣ ከሚያክም ባለሙያ፣ አብሮ ከሚኖር ሰው። እርስዎ ዘንድ አራቱም አሉ፤ ከሁሉ የከፋው ግን ሦስተኛው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ከሕክምናው ያራቀዎት እሱ ነው።

ቁጥርዎ በሰው ፊት ጮክ ተብሎ መነበቡ አግባብ አልነበረም። የክትትል ክፍሎቻችን ከአቅማቸው በላይ ሰው እንደሚያስተናግዱ፣ ባለሙያውም ለእያንዳንዱ ታማሚ ያለው ጊዜ ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህን የሚያነቡ የሙያ ባልደረቦቼ ግን ልብ እንዲሉልኝ የምለምነው፣ የተወቀሰ ታማሚ ስኳሩ አይወርድም፤ ይቀራል፣ ወይም በቀጠሮው ዋዜማ ብቻ ጾሞ የተስተካከለ ቁጥር ይዞ ይመጣል። «ለምን አልሰማሽም?» ከማለት «ያለፈው ወር እንዴት ነበር?» ብሎ መጀመር የሚወስደው ጊዜ እኩል ነው።

እርስዎ ግን ባለሙያው እስኪለወጥ ድረስ መጠበቅ አይችሉም። ሲገቡ ቁጥሩ ከመነበቡ በፊት ቀድመው ይናገሩ፦ «ስኳሬ ከፍ ማለቱን አውቃለሁ። ልጄ ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ እራት ትቻለሁ፣ ሌሊት ያንቀጠቅጠኛል። እነዚህን እንድነግርዎ ሁለት ደቂቃ ይስጡኝ።» እንዲህ ሲሉ ስሞታ ማቅረብዎ አይደለም፤ መድኃኒቱን ለማስተካከል የሚያስፈልገውን መረጃ መስጠትዎ ነው፤ ይህን ሳይሰማ መድኃኒት የሚጨምር ባለሙያ፣ ሌሊት ስኳርዎ እየወረደ ከሆነ የባሰ ሊያወርደው ይችላልና። ብቻዎን መግባት ከከበደዎት ሰው ይዘው ይግቡ። ያንኑ ባለሙያ ዳግም ማየት ካልፈለጉም በዚያው ተቋም ሌላ እንዲመደብልዎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ለዚህ የሚረዳዎ አንድ ተራ ደብተር ነው። ደም የሚነካበት የመለኪያው ስትሪፕ ውድ መሆኑን ስለማውቅ በየቀኑ ደጋግመው ይለኩ አልልም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል በሳምንት ሦስት ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ እንዲሁም እየተንቀጠቀጡ በነቁ ቁጥር መለካት ይበቃል። ከቁጥሩ ጎን ግን ሦስት ነገር ይጻፉ፦ እራት በልቻለሁ ወይስ አልበላሁም፣ እንቅልፍ ወስዶኛል ወይስ አልወሰደኝም፣ የልጄ ስልክ ሠርቷል ወይስ አልሠራም። ለምሳሌ «ማክሰኞ፣ 210፣ እራት የለም፣ ስልክ የለም» ይላል አንዱ መሥመር፤ «ዓርብ፣ 165፣ ሽሮ በግማሽ እንጀራ፣ ድምፁን ሰማሁ» ይላል ሌላው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐሳቡ ምን ያህሉን፣ እራቱ ምን ያህሉን እንደሚያመጣ በራስዎ እጅ ጽሑፍ ያዩታል፤ ባለሙያውም ያየዋል። ቁጥሩ ከስልኩ ጋር የማይሄድ ሆኖ ከተገኘም ይህ ራሱ ጠቃሚ ነው፤ ከሐሳቡ ይልቅ መድኃኒቱ አልበቃ ብሎ ይሆናልና። በተጨማሪም ኤ ዋን ሲ የተባለውን የሦስት ወር አማካይ የሚያሳይ ምርመራ እንዲያዝልዎ ይጠይቁ። ለአብዛኞቹ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ሲሆን፣ በጾም ደም ላይ ደግሞ ከ80 እስከ 130 ነው፤ ለእርስዎ የሚስማማውን ግን ከባለሙያው ጋር ይወስናሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸፋፍን ልናገር። ሐሳብዎ ቢቀልም 240 የደረሰ ስኳር በዕረፍት ብቻ ይስተካከላል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። ከጎረቤትዎ ጋር አመሻሽ ላይ ግማሽ ሰዓት መራመድ፣ ቡና ያለ ስኳር መጠጣት፣ እራት በሰዓቱ መብላት ይረዳል፤ ቢሆንም ሐሳብም መድኃኒትም በአንድ ላይ መታየት አለባቸው።

የልጅ ናፍቆትና ስጋት አንድ ነገር ነው፤ የድብርት ሕመም ሌላ ነው፤ የስኳር ታማሚዎች ላይ ድብርት ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይታያል። ስለዚህ ራስዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ልብዎ ከብዶት፣ ተስፋ ቆርጠው ነበርን? ቀድሞ ደስ ይልዎት የነበረው ነገር፣ ለምሳሌ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት፣ ጣዕሙን አጥቶብዎታልን? ለአንዱም ቢሆን «አዎን» ካሉ በሚቀጥለው ጉብኝትዎ ይናገሩት፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ፣ ድብርትም የሚታከም ሕመም ነው። ሞትን የመመኘት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ለቅርብ ሰው ተናግረው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጸበልና ጸሎትን በተመለከተ አልጠየቁኝም፤ የአርባ አራቱ ታቦታት ከተማ ልጅ ስለሆኑ ግን መንካት አለብኝ። ጸሎት ሐሳብን ያሳርፋል፣ ያበረታል፤ ጸበል ለመጠመቅ ተብሎ መድኃኒት መቋረጥ ግን የለበትም። ጾምም ቢሆን ለታመመ ሰው ቀኖና የሚያቀልለት ነውና ንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ በተለይ ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ መዋሉ አደገኛ ነው።

መርፌውን እንደ ቅጣት ስለ ነገሩዎት ቢፈሩት አልፈርድብዎትም። ኢንሱሊን ግን የቅጣት መጨረሻ አይደለም። በዚህ ዓይነቱ ስኳር ቆሽት በዓመታት ውስጥ እየደከመ ስለሚሄድ፣ በደንብ የተጠነቀቀ ሰውም ቢሆን አንድ ቀን ሊያስፈልገው ይችላል፤ አንዳንዱም ለጊዜው ተሰጥቶት በኋላ ወደ ክኒን ይመለሳል። ቢታዘዝልዎ መርፌው ቀጭንና አጭር ነው፤ ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ ይቀመጣል፣ እንዲቀዘቅዝ እንጂ በረዶ እንዲሆን አይደረግም። የተከፈተው ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ለአራት ሳምንት ያህል በቤት ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ፍሪጅ የሌላቸው ቤተሰቦች እርጥብ የሸክላ ዕቃ ይጠቀማሉ።

ቀጠሮዎ ካለፈም አዲስ ቀን እስኪሰጥዎ ቤት አይቀመጡ፤ ካርድዎን፣ የክኒኖቹን ማሸጊያና ደብተርዎን ይዘው በዚህ ሳምንት ይሂዱ፤ ደብተሩ ሁለት ሳምንት እስኪሞላ አይጠብቁ፣ የተጻፈበት ያህል ይበቃል። ስኳርዎ ከ300 በላይ ሆኖ ከቆየ፣ ብርቱ ጥማትና የሽንት ብዛት ከመጣ፣ ወይም ማስታወክ፣ የሆድ ሕመምና ትንፋሽ ማጠር ከታየብዎ ደግሞ ቀንም ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።